ካሜራው ከወሰነ በኋላ፦ ፎቶ ማስተካከል ለጀማሪዎች



«ይህ ፎቶ ምንም ኤዲት አልተደረገም» የሚላችሁን ሰው አትመኑት። ዋሽቷል ማለቴ አይደለም፤ እሱ በእጁ ላይነካው ይችላል። ስልኩ ግን ነክቶታል። አሁን በየኪሳችን ያሉት ዘመናዊ ስልኮች አንዴ ስንጫናቸው በሴኮንድ ሽርፍራፊ ውስጥ ብዙ ፎቶ ያነሳሉ፤ ከአንዱ ሰማዩን፣ ከሌላው ጥላውን ወስደው ያዋህዳሉ፤ ሻካራውን ያለሰልሳሉ፣ ጠርዙን ያጠራሉ፣ ቀለሙን ያደምቃሉ። እኛ «እስቲ ልየው» ብለን ስክሪኑን ወደ ዓይናችን ስናስጠጋ ሥራው አልቋል። ስለዚህ የዛሬው ትምህርት ያልተነካ ፎቶን ስለ መንካት አይደለም። ማሽኑ በእኛ ስም የወሰነውን መርምረን፣ ልክ የሆነውን ስለ መተው፣ ያልሆነውን ስለ ማረም ነው።

ለዚህ ውድ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ፎቶሾፕን ሁላችሁም በስም ታውቁታላችሁ፤ ቶማስና ጆን ኖል የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች የጀመሩት፣ አዶቤ የተባለው ኩባንያ በ1990 ለገበያ ያወጣው ሶፍትዌር ነው። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለባለሙያ ግሩም ነው፤ ለጀማሪ ግን አንድ እፍኝ ጤፍ ይዞ ወፍጮ ቤት እንደ መሄድ ይሆናል። እኔ ለዛሬ የመረጥኩት ስናፕሲድን ነው። በ2011 በቅድሚያ ለአይፓድ ወጣ፤ በ2012 ጉግል አፑን የሠራውን ኩባንያ ገዛው፤ ዛሬ በአንድሮይድም በአይፎንም በነጻ ይጫናል። በኮምፒውተር መሥራት የሚፈልግ ደግሞ ጊምፕ የተባለውን ያውርድ፤ እሱም ከ1996 ጀምሮ በነጻ የሚታደል ነው። ሌላ አፕ የለመዳችሁም አትጨነቁ። የመሣሪያዎቹ ስምና ቦታ ከአፕ አፕ፣ ከቅጂ ቅጂ ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው።

መሣሪያውን ከመያዛችን በፊት ፎቶው ራሱ ምን እንደሆነ እንወቅ። በ1957 ራስል ኪርሽ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ተመራማሪ የሦስት ወር ልጁን ፎቶ በስካነር አንብቦ ወደ ኮምፒውተር አስገባ። ያ ምስል 176 በ176 ነጥብ ነበር፤ በድምሩ 30,976። ዛሬ ተራ ስልክ የሚያነሳው ፎቶ 4,000 በ3,000፣ ማለትም 12 ሚሊዮን ነጥብ አለው። እያንዳንዷ ነጥብ፣ ፒክስል የምንላት፣ ሦስት ቁጥር ይዛለች፦ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን መጠን። እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። ሦስቱም 0 ከሆኑ ድቅድቅ ጥቁር፣ ሦስቱም 255 ከሆኑ ነጭ ነው። ፎቶ ማስተካከል ማለት እነዚህን ቁጥሮች ከፍና ዝቅ ማድረግ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ከዚህ ግን አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። አንድ ቦታ ከመጠን በላይ በርቶ ቁጥሩ 255 ላይ ከተጣበቀ፣ እዚያ የነበረው ጥልፍ ወይም ደመና አልተመዘገበም ማለት ነው። ብታጨልሙት ግራጫ ይሆናል እንጂ ጥልፉ ተመልሶ አይመጣም። በጥላው በኩል ይሻላል፤ ለዓይን ጥቁር የሚመስል ቦታ ውስጥ ብዙ ጊዜ የተረፈ ነገር አለ። እንግዲህ ፀሐይ ላይ ስታነሱ ከተጠራጠራችሁ በጥቂቱ አጨልማችሁ አንሱ። ስልኩ ላይ የምታነሱትን ሰው በጣታችሁ ነካ ስታደርጉ ብቅ የምትለውን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች መሳብ ነው። እጅ ተንቀጥቅጦ የደበዘዘ ፎቶም እንደዚሁ ነው፤ ያልተመዘገበ ጥራት ጠርዝ በማጥራት አይመጣም። እንዲህ ያለውን ፎቶ ለማዳን ሰዓት ከማጥፋት እንደገና ማንሳት ይሻላል።

አሁን ስክሪኑን ተመልከቱ። አንዲት እናት መስኮት አጠገብ ቡና ሊያፈሉ ተቀምጠዋል። የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው ነጠላ ደርበዋል። ከፊታቸው ረከቦቱ ላይ ሲኒዎች ተደርድረዋል፤ ከጀበናው ሥር ፍሙ ይታያል። ፈቃዳቸውን ጠይቄ፣ ለዚሁ ትምህርት ብዬ፣ በተራ ስልክ ያነሳሁት ፎቶ ነው። እንዲህ ያለ ፎቶ የሌለበት ቤት የለም፤ ችግሩም የሁሉም ቤት ችግር ነው። ነጠላው ነጭ መሆን ሲገባው ግራጫ ሆኗል። ፊታቸው ጨልሟል። የመስኮቱ ቋሚ ወደ ግራ ዘሟል። ከኋላ ደግሞ የቴሌቪዥን ገመድ ከግድግዳው ተንጠልጥሎ ልክ ከራሳቸው የበቀለ መስሏል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ሕግ፦ ዋናው ፎቶ አይነካም። ስናፕሲድ ሥራችሁን ለብቻው በቅጂ የማስቀመጥ ምርጫ አለው። አንዳንዱ አፕ ግን በዋናው ላይ ይጽፍበታል። የምትጠቀሙበትን አፕ ጠባይ እስክታውቁ ድረስ ፎቶውን አባዝታችሁ ቅጂው ላይ ሥሩ።

የመጀመሪያው ሥራ ማቃናትና መቁረጥ ነው። ይህን ከብርሃኑ የማስቀድመው ምክንያት አለኝ፤ ተቆርጦ ለሚጣል ጥግ ብርሃን ማስተካከል ድካም ነው። ሮቴት በሚለው መሣሪያ ፎቶውን በጥቂቱ ስናዞረው የመስኮቱ ቋሚ ቀጥ አለ። ጣና ዳር ወይም ሐዋሳ ላይ ያነሳችሁትን ፎቶ አውጥታችሁ ሐይቁን እዩት፤ ከአድማስ አድማስ ውኃው ወደ አንድ ወገን ሊፈስስ የደረሰ ከሆነ መድኃኒቱ ይኸው ነው። ከዚያ ክሮፕ። እዚህ ፎቶ ላይ ከላይ ባዶ ግድግዳ፣ ከቀኝ የሶፋ ክንድ አለ፤ ሁለቱም ስለ ቡናው የሚነግሩን ነገር ስለሌለ ይውጡ። ረከቦቱ ግን ይቅር። ጀማሪ ሁሉ ፊት ላይ ተጠግቶ መቁረጥ ይወዳል፤ ያን ጊዜ ቡና የሚያፈሉት እናት የመታወቂያ ፎቶ የተነሱ ይመስላሉ። ሰውን ስትቆርጡ ከመገጣጠሚያ ላይ አትቁረጡ፤ ከእጅ አንጓ ወይም ከጉልበት ላይ የተቆረጠ ሰው አካሉ የጎደለ ይመስላል፤ ከወገብ ወይም ከጭን መሐል ይሁን። ሰውዬው የሚያይበት አቅጣጫም ትንሽ ባዶ ቦታ ይፈልጋል።

መቁረጥ ዋጋ እንዳለውም አትርሱ። ከርዝመቱ ግማሹን፣ ከወርዱም ግማሹን ብትቆርጡ የሚቀራችሁ የፎቶው ግማሽ ሳይሆን ሩቡ ነው። ከ12 ሚሊዮን ፒክስል ሦስት ሚሊዮን ይተርፋል። ለስክሪን ይህ ከበቂ በላይ ነው። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር አድርጎ ለማሳጠብም ይበቃል፤ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ቢታተም 1,800 በ1,200 ፒክስል ያህል ስለሚፈልግ ነው። ግድግዳ ላይ በትልቁ ለመስቀል ግን አይበቃም።

ወደ ብርሃኑ እንምጣ። የዛሬው ትምህርት ዋናው ክፍል ይህ ነው።

ነጠላው ለምን ግራጫ ሆነ? የካሜራ ብርሃን መለኪያ በጥንት ልማዱ ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ መሐከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል፤ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ግራጫ። ፍሬሙን ነጭ ነጠላ ሲሞላው «ይህ በጣም በራ» ብሎ ያጨልመዋል። ነጠላው ግራጫ ሲሆን፣ ከነጠላው መሐል ያለው ጠይም ፊት ደግሞ አብሮ ወደ ጥቁረት ይወርዳል። ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ስታነሱ ተቃራኒው ይሆናል፤ ካሜራው አብርቶ አብርቶ ልብሱን ያነጣዋል፣ ፊቱንም ያጥበዋል። የአሁኖቹ ስልኮች ፊት ፈልገው በዚያ ስለሚለኩ ችግሩ ቀንሷል። ግን አልጠፋም፤ በተለይ ፊቱ ወደ ጎን ዞር ካለ ወይም ነጠላው ግማሹን ከሸፈነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ታሪክ አለ። በፊልም ዘመን ፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የማሽናቸውን ቀለም የሚያስተካክሉት የፊልም አምራቹ ኮዳክ በሚልክላቸው የናሙና ካርድ ነበር። ካርዱ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ «ሸርሊ ካርድ» ይሉት ነበር። የእሷ ቆዳ ካማረ ማሽኑ ልክ ነው ተባለ። የጠቆረ ቆዳ ያለው ሰው ታጥቦ ሲወጣ ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆኖ ቢቀር ማንም ማሽኑን አይጠረጥርም። ኮዳክ ፊልሙን ለቡናማ ቀለም እንዲያሻሽል ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩ፤ የሸቀጣቸው ማስታወቂያ ስላላማረ ነው። የተለያየ ቀለም ያላቸው ሴቶች በአንድ ላይ የታዩበት ካርድ የመጣው ዘግይቶ፣ በ1990ዎቹ ነው። ጉግል ፒክስል 6 የተባለውን ስልኩን በ2021 ሲያወጣ የጠቆረ ቆዳን በትክክል ማንሳትን እንደ አዲስ ነገር አስተዋውቋል። አንድ ጠይም ፊት ስልካችሁ ላይ ጨልሞ ሲታይ ፊቱ ጥፋት የለበትም። ጨለማው ለዚያ ፊት ያልታሰበ ልኬት ውርስ ነው።

እንዴት ይታረማል? ስናፕሲድ ውስጥ ቲዩን ኢሜጅ የሚለውን ክፈቱ። ጣታችሁን ወደ ላይና ወደ ታች ስታንሸራትቱ ዝርዝሩ ይመጣል፤ ወደ ግራና ቀኝ ስታንሸራትቱ መጠኑ ይቀንሳል፣ ይጨምራል። የመጀመሪያው ብራይትነስ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ላይ ያበራል። ሰው ሁሉ እሱን ይዞ ይሮጣል። እዩት፣ ስጨምረው ፊታቸው ተገለጠ፤ ግን የቀሚሱ ጥለት ነጥቶ ጠፋ፣ መስኮቱም ባዶ ወረቀት ሆነ። ወደ ቦታው መለስኩት። ከሱ ይልቅ ሻዶውስ የሚለውን እፈልጋለሁ፤ እሱ ጨለማውን ብቻ ያነሳል። ወደ 35 ሳደርሰው የዓይናቸው ዙሪያ፣ የአንገታቸው ጥላ፣ የጀበናው ሆድ ታየ። ቀጥሎ ሃይላይትስ፤ እሱ የበራውን ብቻ ይነካል። 20 ያህል ስቀንሰው የጥለቱ ክር ተለይቶ ወጣ። አሁን ብራይትነስን በጣም በጥቂቱ፣ 10 እንኳ ሳይሞላ፣ ጨመርኩ፤ ነጠላው ወደ ነጭነቱ ቀረበ።

ሻዶውስን እስከ 80 ብወስደውስ? ተመልከቱ። ጥላው ሁሉ አመድ ለበሰ፣ ነጠብጣብ ወጣበት፣ ፊታቸውም ቅርጽ አጣ። ጥላ ጠላት አይደለም። አፍንጫን አፍንጫ፣ ጉንጭን ጉንጭ የሚያደርገው ጥላው ነው። ለፊት ብቻ ተጨማሪ ብርሃን ከፈለጋችሁ ሴሌክቲቭ የሚለውን ወስዳችሁ ጉንጫቸው ላይ አንድ ነጥብ አኑሩ፤ በሁለት ጣት የክቡን ስፋት አጥብባችሁ ብርሃኑን በጥቂቱ ጨምሩ። ግድግዳው ባለበት ይቀራል፣ ፊቱ ብቻ ይነሳል።

በስክሪኑ ታችኛ ጥግ ያለችውን ትንሽ ግራፍም ተለማመዷት፤ ሂስቶግራም ትባላለች። በስተግራ ጥቁሩ፣ በስተቀኝ ነጩ ነው፤ ተራራው ከፍ ያለበት ቦታ ብዙ ፒክስል አለ። ተራራው የቀኙን ግድግዳ ተደግፎ ከቆመ የነጠላችሁ ጥለት እየተቃጠለ ነው። ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ስትሠሩ ስክሪኑ ያታልላል፤ ግራፏ ግን አታታልልም።

«ለምን ይህን ሁሉ? አውቶ የሚል ቁልፍ አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። አለ። ያ ቁልፍ ግን ከዚያው ዓይነት ግምት የተሠራ ሁለተኛ ማሽን ነው። ተጫኑት፣ እዩት፣ ካልተስማማችሁ መልሱት። አንዳንድ ቀን ልክ ይመጣል፤ ልክ መምጣቱን የምታውቁት ግን ራሳችሁ መሥራት ከቻላችሁ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ቀለም። ብርሃን ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም የለውም። መለኪያው ኬልቪን ነው፤ የሻማ ብርሃን 1,900 ገደማ፣ የድሮው ክር አምፖል 2,700 ገደማ፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ 5,500 ገደማ፣ ጥላ ደግሞ ከ7,000 በላይ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ቢጫና ቀይ፣ ሲበዛ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ዓይናችን ይህን ልዩነት እያካካሰ ነጩን ነጭ አድርጎ ያሳየናል። ካሜራው ግን ይሳሳታል። ሠርግ ላይ በሰማያዊ ሸራ ድንኳን ሥር የተነሳችሁትን ፎቶ አስታውሱ፤ ሙሽሮቹም ሚዜዎቹም በብርድ የደረቁ ይመስላሉ። አረንጓዴ ቀለም በተቀባ ክፍል ውስጥ የተነሳ ፊትም ከግድግዳው እየተበደረ የታመመ ይመስላል።

እዚህ ላይ እኛ አገር የምናነሳው ፎቶ ዕድለኛ ነው። ባለሙያዎች ለቀለም ማረሚያ ብለው ነጭ ወይም ግራጫ ካርድ ገዝተው ይዞራሉ፤ እኛ ዘንድ ነጠላው ሁሌም ፍሬሙ ውስጥ አለ። ስናፕሲድ ላይ ዋይት ባላንስ የሚለውን ክፈቱ፣ የቀለም መምጠጫዋን ምልክት ነካ አድርጋችሁ ነጠላው ላይ አምጧት፤ ጥለቱ ላይ ሳይሆን ያለ ጥለቱ ነጭ ቦታ ላይ፣ ከመጠን በላይ ያልበራ ቦታ ላይ። የመስኮቱ ጥላ ያመጣው ሰማያዊነት እንዴት እንደለቀቀ እዩ። የፊታቸው ጠይምነትም ወደ ሙቀቱ ተመለሰ። ካስፈለገ ከዚያ ዋርምዝ የሚለውን ትንሽ መጨመር ነው።

ግን ነጭ ሁሉ ነጭ መሆን የለበትም። የደመራ ፎቶ ላይ ይህን ብታደርጉ ብርቱካንማው የእሳት ብርሃን ተጠርጎ ይጠፋል፤ ምሽቱ ቀን ይሆናል። የገና ሌሊት ሻማ የያዙ ሰዎችም እንደዚያው ናቸው፤ ነጠላቸው ቢጫ ቢሆን እውነቱ ያ ነው። እንዲህ ያለውን ፎቶ ማሽኑ «አረምኩላችሁ» ብሎ ካቀዘቀዘው ወደ ሙቀቱ መልሱት። ሳቹሬሽንን፣ የቀለም ድምቀትን፣ በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ ከ15 በላይ አትሂዱ። አረንጓዴው ሣር የፕላስቲክ ሲመስል አልፋችኋል ማለት ነው።

ስለ ቆዳ ቀለም ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ብዙ የውበት አፖች ፊትን የሚያለሰልሱ ብቻ ሳይሆኑ የሚያቀሉም ናቸው። ሳትጠይቋቸው ጠይሙን ቀይ ዳማ፣ ቀይ ዳማውን ፈረንጅ ያደርጉታል። አንዳንድ ፎቶ ቤትም ደንበኛው ሳይጠይቅ ይህን እንደ ምርቃት ይሠራል። ብጉርን ማጥፋት አልቃወምም፤ ብጉር በሳምንቱ ይሄዳል። የሰውን መልክ መቀየር ግን ማስተካከል አይደለም። ማስተካከላችንን የጀመርነው ማሽኑ ያጨለመውን ፊት ወደ ራሱ ቀለም ለመመለስ ነበር፤ ከዚያ አልፎ ሌላ ቀለም መቀባት የሸርሊ ካርዱን ስህተት በገዛ እጅ መድገም ነው።

ያ ገመድ ቀርቶናል። ሂሊንግ የሚለውን ከፍታችሁ፣ ፎቶውን በሁለት ጣት አጉልታችሁ፣ ገመዱን በጣት ጫፍ በአጭር በአጭሩ አስምሩበት። አፑ ከጎኑ ያለውን ግድግዳ ወስዶ ይሸፍነዋል። በአንድ ረጅም መስመር ለማጥፋት ከሞከራችሁ ፀጉራቸውን እየቀዳ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። ስትጨርሱ የተደጋገመ ቅርጽ መኖሩን ፈትሹ፤ ተፈጥሮ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር አትሠራም።

እንዲህ ያለች መሣሪያ ትንሽ ብትሆንም ታላላቅ ሰዎችን አዋርዳለች። በኦገስት ወር 2006 አንድ የሮይተርስ ዜና ወኪል ተባባሪ ፎቶ አንሺ ቤይሩት ላይ ከቦምብ ድብደባ የተነሳ ጭስን ከዚያው ፎቶ እየቀዳ አባዛው። አንባቢዎች ያወቁት የጭሱ እጥፋት እየተደጋገመ በመምጣቱ ነው። ሮይተርስ ከሰውዬው ጋር የነበረውን ሥራ አቋርጦ 920 ፎቶዎቹን ከመዝገቡ አነሳ። ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የተባለው ውድድር ደግሞ በ2010 አንድ አሸናፊን ሽልማቱን ነጥቋል። ያ ሰው ፎቶውን በጣም ቆርጦታል፣ ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጦታል፣ ጠርዙን አጨልሞታል፤ ይህ ሁሉ አላስወቀሰውም። ያስወገደው ከኋላ የሚታይ የአንድ ሰው የእግር ጫፍ ነው። በዚያ ምክንያት ወደቀ።

ፍርዱ የከረረ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ልክ ነው እላለሁ። ብርሃንና ቀለም ማስተካከል ማሽኑ የገመተውን ማረም ነው፤ የነበረን ነገር ማንሳት ወይም ያልነበረን ማስገባት ግን ስለ ዓለም የተነገረ ወሬን መለወጥ ነው። የቤታችሁ የቡና ፎቶ ላይ ገመድ ብታጠፉ የሚከሳችሁ የለም። ለዜና፣ ለፍርድ ቤት፣ ለመድን፣ ለምርምር የሚቀርብ ፎቶ ላይ ግን ሂሊንግን አትክፈቱት።

ይህ ነገር ጉርድ ፎቶ ላይም ይመጣል። የአሜሪካው የዲቪ ሎተሪ ፎርም ሲጠይቅ የኖረውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፦ ወርዱና ቁመቱ እኩል የሆነ፣ 600 በ600 ፒክስል፣ ፋይሉ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ ጄፔግ (ምንነቱን ወዲያው እነግራችኋለሁ)፣ ከአገጭ እስከ አናት ያለው ከፎቶው ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ የሚሞላ፣ መደቡ ነጭ ወይም ወደ ነጭ የሚጠጋ። መቁረጥና ማሳነስ ይፈቀዳል፤ መልክን በሶፍትዌር መቀየር ግን ያስጥላል። መደቡ ነጭ እንዲሆን ነጭ ግድግዳ ፊት ቁሙ፤ በአፕ ፀጉራችሁን ዙሪያውን አስቆርጣችሁ ነጭ አትለጥፉበት። ከሁሉም በፊት የዓመቱን መመሪያ ራሳችሁ አንብቡ እንጂ ፎርም የሚሞላላችሁ ልጅ ቃል ላይ አትደገፉ።

ስለ ማስቀመጥና ስለ መላክ ጥቂት ልበል። 12 ሚሊዮን ፒክስል በሦስት ቁጥር ሲባዛ 36 ሚሊዮን ባይት ነው፤ ስልካችሁ ላይ ያለው ፋይል ግን ብዙ ጊዜ ከአምስት ሜጋባይት አይበልጥም። ልዩነቱን የሚጥለው በአብዛኛው ጄፔግ ነው። ይህ በ1992 የጸደቀ የማጨቂያ ደንብ ፎቶውን 8 በ8 ወደሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ከፍሎ ዓይን የማያስተውለውን ዝርዝር ያስወግዳል። አንድ ጊዜ ቢሆን ግድ የለም። ግን ከፍቶ፣ ነካክቶ፣ አስቀምጦ፣ እንደገና ከፍቶ ሲደጋገም በእያንዳንዱ ማስቀመጥ ትንሽ ይጠፋል፤ በስተመጨረሻ ካሬዎቹ ራሳቸው ይታያሉ። ስለዚህ ማስተካከል ያለባችሁን በአንድ ጊዜ ጨርሱ፤ ሌላ ቀን ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ከዋናው እንደገና ጀምሩ። በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፎቶ ከላካችሁት ያሳንሰዋል፤ ለማሳጠብ የሚሆን ከሆነ በፋይል መልክ ላኩት። ያኔ ግን ፎቶው የተነሳበትን ቀንና፣ የስልኩ የቦታ መረጃ ክፍት ከነበረ፣ ቦታውን ጭምር ይዞ እንደሚሄድ እወቁ። የልጆቻችሁን ፎቶ ለማታውቁት ሰው በዚህ መንገድ አትላኩ።

በመጨረሻ ስለ አሮጌ የቤተሰብ ፎቶ። ፎቶውን ከአልበሙ አውጥታችሁ መስኮት አጠገብ፣ ቀጥታ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ጠረጴዛ ላይ አኑሩት፤ ፍላሽ አጥፉ፣ ስልኩን ከላይ ልክ ትይዩ አድርጋችሁ አንሱ። ጠርዙ ከዘመመ ፐርስፔክቲቭ በሚለው ይቃናል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ በዕድሜ ሲቆይ ጥቁሩ ወደ ቡናማ፣ ነጩ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ጥቁሩን ወደ ጥቁረቱ፣ ነጩን ወደ ንጣቱ መመለስ ነው። ጭረቱን በሂሊንግ አንሱ፤ ዓይንና አፍ ላይ ያረፈውን ጭረት ግን ተዉት፣ አፑ ከሌላ ቦታ ቀድቶ ፊታቸውን የሌላ ሰው ያደርገዋል። ጥቁርና ነጩን በራሱ ባለ ቀለም የሚያደርጉ አፖችም መጥተዋል። ያ ቀለም ግምት ነው። የአያታችሁ ካባ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ ማሽኑ አያውቅም፤ ለልጆቻችሁ ስታሳዩ ይህን ንገሯቸው።

እንግዲህ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። በእነዚያ አሮጌ ፎቶዎች ዘመን ሰው ፎቶ ሲሰጥ «ለማስታወሻ» ብሎ ጀርባው ላይ ይጽፍ ነበር፤ ስም፣ ቀን፣ ቦታ፣ አንዳንዴም የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለበት። ጀርባውንም አንሱት። ከዚያ ፎቶውን ይዛችሁ ወደ እማማና ወደ አባባ ሂዱ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ማን ማን እንደሆነ ጠይቁና በፋይሉ ስም ላይ ጻፉት። ማስተካከሉን በኋላ ትደርሱበታላችሁ።